ጉንፋን እና የኅዳር በሽታ፦ በአንድ ስም የምንጠራቸው ሁለት በሽታዎች

ጉንፋን በአማርኛ እጅግ ሰፊ ቃል ነው። አፍንጫው የሚያፈስሰው፣ ጉሮሮው የከረከረው፣ ሲያስነጥስ የዋለ ሰው «ጉንፋን ይዞኛል» ይላል፤ በትኩሳት የነደደው፣ አጥንቱ የተሰባበረ የመሰለው፣ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ መነሣት ያቃተው ሰውም እንዲሁ «ጉንፋን ጣለኝ» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ብቻ ይመስለናል፤ አንዱን ቀለል ያለው፣ ሌላውን ጠንከር ያለው ይዞታል ብለን እናልፋለን። ነገር ግን እነዚህ በዘርም በጠባይም የተለያዩ ሁለት በሽታዎች ናቸው። አንደኛው ሐኪሞች «የተለመደው ጉንፋን» የሚሉት ነው፤ ሁለተኛው ኢንፍሉዌንዛ ነው።

ነገሩን የሐኪሞች ጉዳይ ነው ብሎ መተው ይቻል ነበር። እኔም ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ሆኖም ትልቁን በሽታ በትንሹ በሽታ ስም መጥራት በታሪክ ውስጥ ብዙ ሕይወት ያስከፈለ፣ አንዳንዴ ካለማወቅ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ድርጊት ስለሆነ፣ ከፖለቲካም ከታሪክም ርቆ የሚቆም ጉዳይ አይደለም።

በመጀመሪያ ከራሳችን ቤት እንነሣ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና ሠላሳ ጥቂት ዓመት የሆናት ከተማ ነበረች። የሰገሌ ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ናቸው፤ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ናቸው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ብዙ አልቆየም፤ እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር የገባው። ከባሕር ወደብ ተነሥቶ ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ብዙ ሳምንት ይፈጅ የነበረው መንገድ በቀናት የሚያልቅ ሆኗል። በዚያው ኅዳር 2 ቀን አውሮጳ ውስጥ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የተኩስ ማቆም ስምምነት ተፈረመ። ዓለም ደስታውን ሲያሰማ አዲስ አበባ ግን ሬሳዋን መቅበር ወደሚያቅታት ሁኔታ እየገባች ነበር።

በሽታው እጅግ የበረታው በኅዳር ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንት ነው። በከተማዋ ብቻ ያለቀው ሰው ወደ 10 ሺህ ይጠጋል ተብሎ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራሳቸው በጽኑ ታመው ከሞት አፋፍ መመለሳቸውን ኋላ ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም ዘመኑን በዓይናቸው አይተው በትዝታ መጽሐፋቸው መዝግበውታል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ ስለዚሁ ወረርሽኝ ራሱን የቻለ ጥናት አበርክተዋል። እነዚህን የመሳሰሉትን ጽሑፎች ያነበበ ሰው የሚያገኘው ሥዕል ተመሳሳይ ነው፦ በአንድ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይወድቃል፤ ውኃ የሚያቀብል ይጠፋል፤ ቀባሪው ከሚቀበረው ያንሳል፤ በአንድ ጉድጓድ ብዙ ሬሳ ይገባል። ሬሳ በወግ በሚሸኝበት፣ ለቅሶ መድረስ ግዴታ በሆነበት አገር የቀብር ሥርዓት ሲፈርስ የሚፈርሰው ማኅበራዊው ሕይወት ራሱ ነው።

ሕዝቡ ለዚህ መቅሠፍት የሰጠው ስም «የኅዳር በሽታ» የሚል ነበር። ይህ ስም ልብ ሊባል ይገባዋል። ጉንፋን አላለውም! ጉንፋንን የሚያውቅ፣ በየዓመቱ የሚያስነጥስ ሕዝብ ይህኛው ሌላ መሆኑን ወዲያው ለይቷል። ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ማንም አላወቀም፤ ቢያንስ ግን ለብቻው ስም አወጣለት። እኛ የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች፣ ሐኪምና ላቦራቶሪ አለን የምንል፣ ያንኑ በሽታ መልሰን «ጉንፋን» ከሚለው ቃል ሥር ከተነዋል።

ለመሆኑ በምን ይለያሉ? ሐኪሞች የሚሰጡት መልስ ቀላልና ጠቃሚ ነው። የተለመደው ጉንፋን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ዛሬ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ነገ አፍንጫ ያፈስሳል፣ ከነገ ወዲያ ይዘጋል። ትኩሳቱ በአዋቂ ላይ ወይ የለም ወይ ጥቂት ነው፤ ሰውየው እያስነጠሰም ቢሆን ሥራው ላይ ይውላል። ኢንፍሉዌንዛ ግን በድንገት ይጥላል። ብዙ ጊዜ የታመመው ሰው የጀመረበትን ሰዓት ጭምር ሊናገር ይችላል፦ «ከምሳ በኋላ ድንገት አንዘፈዘፈኝ» ይላል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ ደረቅ ሳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አቅም የሚነሣ ድካም ይከተላሉ። ትኩሳቱ በቀናት ውስጥ ቢወርድም ሳሉና ድካሙ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ዋናው ልዩነት ግን መጨረሻው ላይ ነው፤ ኢንፍሉዌንዛ የሳንባ ምች አስከትሎ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ወረርሽኝ በሌለበት ተራ ዓመት እንኳ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ የሚደርስ ሰው በዓለም ላይ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር በተያያዘ የመተንፈሻ አካል ሕመም ይሞታል። ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳርና የልብ ሕሙማን ይበልጡን ይጠቃሉ።

የ1911 ዓ.ም.ው ግን ከዚህም ይለይ ነበር። የሚበዙት ሟቾች ሽማግሌዎች አልነበሩም፤ ከ20 እስከ 40 ዓመት የሆናቸው፣ በጉልበታቸው የሚተማመኑ ወጣቶችና ጎልማሶች ነበሩ። ከአፍንጫቸው ደም የሚፈስሳቸው፣ ፊታቸው ኦክስጅን አጥቶ ወደ ሰማያዊነት የሚለወጥ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚሞቱ ሕሙማን በየአገሩ ታይተዋል። በመላው ዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደፈጀ በሰፊው ይገመታል፤ ከዚያ የሚያንስም፣ እስከ 100 ሚሊዮን የሚያደርሰውም አለ። በዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። ቁጥሩ ይህን ያህል የሚዋዥቀው የሞተውን የቆጠረው የዓለም ክፍል ትንሽ ስለነበረ ነው። የእኛም 10 ሺህ ግምት የአዲስ አበባ ብቻ ነው። የወሎው፣ የሐረርጌው፣ የከፋው ገበሬ ሞት ከግምቱ ውጭ ነው፤ የሞት መዝገብ አልነበረምና።

አሁን ወደ ዓለሙ መድረክ እንሻገር፤ ትልቁን በትንሹ ስም የመጥራት ፖለቲካ ጎልቶ የታየው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1918 የጸደይ ወራት በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ በየጦር ሰፈሩ ሲታይ ቀለል ያለ ነበር። የእንግሊዝ ወታደሮች «የሦስት ቀን ትኩሳት» ብለው ጠሩት። ተዋጊዎቹ አገሮች ሁሉ ጋዜጦቻቸውን በሳንሱር ይቆጣጠሩ ስለነበር፣ ጠላት ድካማችንን እንዳያውቅ በሚል ዜናው ታፈነ። በጦርነቱ ያልገባችው ስፔን ግን ነፃ ጽፋ አወጣች፤ ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ መታመማቸው ጭምር ተነገረ። እውነቱን የተናገረች አገር ዋጋዋን ወዲያው አገኘች፤ በሽታው ከስፔን ያልመነጨ ሆኖ ሳለ «የስፔን ጉንፋን» ተባለ። እስከ ዛሬም በብዙ ቋንቋ ይህንኑ ስም ይዞ ቀርቷል። (የስፔን ሰዎች በበኩላቸው በዘመኑ በነበረ አንድ ታዋቂ ዘፈን ስም «የናፖሊ ወታደር» ይሉት ነበር። ማንም በሽታን ለራሱ አይፈልግም!)

በክረምቱ መጨረሻ በሽታው ገዳይ ሆኖ ተመለሰ። በአሜሪካ የፊላደልፊያ ከተማ ታሪክ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። ከተማዋ የጦርነት ቦንድ ለመሸጥ ታላቅ ሰልፍ አዘጋጅታ ነበር። በባሕር ኀይሉ ሰፈር መርከበኞች መሞት ጀምረዋል፤ ሐኪሞች ሰልፉ ይቅር ብለው ወትውተዋል። የከተማው የጤና ኀላፊ ዊልመር ክሩሰን ግን መርከበኞቹን የገደላቸው የቆየው የተለመደ ግሪፕ ነው በማለት ሕዝቡን አረጋጉ። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 1918፣ በእኛ መስከረም 18 ቀን 1911 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ጎዳና ወጣ። ከቀናት በኋላ ሆስፒታሎቹ ሞሉ፤ በስድስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከ12 ሺህ በላይ የከተማዋ ነዋሪዎች ሞቱ። በአንጻሩ ሴንት ሉዊስ ትምህርት ቤቶቿንና መሰብሰቢያዎቿን ቀደም ብላ ስለዘጋች የደረሰባት ሞት በእጅጉ ያነሰ ነበር። ክሩሰን ክፉ ሰው አልነበሩም ይሆናል። «የተለመደ» የሚለው ቃል ግን የሚያስፈልገውን ውሳኔ ላለመወሰን በቂ ሽፋን ሆኖ አገለገላቸው።

ይህን ስል ሳይንቲስቶቹ ሁሉን ያውቁ ነበር ማለቴ አይደለም። እነሱም በጨለማ ነበሩ፤ እንዲያውም የሚያውቁ መስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ ዓለምን ያዳረሰ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር (ያ ዘመን በእኛ አገር የክፉ ቀን ዘመን ነው)። በ1892 ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋይፈር ከሕሙማን አክታ አንድ ባክቴሪያ አግኝቶ የኢንፍሉዌንዛ መንሥኤ ይህ ነው ሲል አስታወቀ። ፋይፈር ታላቅ ሰው ስለነበር ታመነ። በ1918 በብዙ ላቦራቶሪዎች የተዘጋጁት ክትባቶች ይህን ባክቴሪያ የሚቃወሙ ነበሩ፤ ገዳዩ ግን ሌላ ነበር። በጉንፋኑ በኩል ደግሞ በላይፕሲግ የሚኖረው ቫልተር ክሩዘ በ1914 የጉንፋን ሕመምተኛ የአፍንጫ ፈሳሽ ወስዶ፣ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጣርቶ፣ በባልደረቦቹና በተማሪዎቹ አፍንጫ ጠብ ጠብ ቢያደርግባቸው ከፊሎቹ በጉንፋን ተያዙ። ከባክቴሪያ ያነሰ፣ በዚያ ዘመን ማጉያ መነጽር የማይታይ አንድ ነገር መኖሩን ያሳየ ሥራ ነበር፤ ጦርነቱ በዚያው ዓመት ስለጀመረ ግን ሰሚ አላገኘም።

የኢንፍሉዌንዛው ቁርጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ለንደን ውስጥ ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌድሎው የተባሉ ተመራማሪዎች የሕሙማንን የጉሮሮ እጥበት አጣርተው ፌሬት በምትባል ሽለምጥማጥ መሰል እንስሳ አፍንጫ ቢጨምሩ እንስሳዋ ታመመች። በሽታው ባክቴሪያ ሳይሆን ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። ጥቂት ቆይቶም አንዲት የታመመች ፌሬት ቻርልስ ስቱዋርት ሃሪስ በተባለ ወጣት ሐኪም ፊት ላይ አስነጠሰችበትና ታመመ፤ ከእንስሳ ወደ ሰው መመለሱም በዚህ ተረጋገጠ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የኅዳር በሽታ ካለፈ ከ14 ዓመት በኋላ ነው የበሽታው ዘር ለመጀመሪያ ጊዜ በላቦራቶሪ የተያዘው።

ጉንፋኑ ግን የባሰ አስቸጋሪ ሆነ። ይኸው አንድሩስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር በሳልስበሪ ከተማ አጠገብ የጉንፋን ምርምር ጣቢያ አቋቋመ፤ ጣቢያው እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1990 ሠርቷል። በሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ለአሥር ቀን ያህል እየመጡ፣ ነፃ ምግብና ማደሪያ እየተሰጣቸው፣ አፍንጫቸውን ለምርምር አከራይተዋል። ከተሠሩት ሙከራዎች አንዱ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ሙቅ ውኃ ታጥበው ሳይደርቁ ነፋስ በሚመላለስበት ኮሪደር ለግማሽ ሰዓት ያህል እንዲቆሙ፣ ከዚያም እርጥብ ካልሲ አድርገው እንዲቆዩ የተደረጉ ሰዎች ነበሩ። እናቶቻችን ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ ይታወቃል። ነገር ግን ቫይረሱ ካልተሰጣቸው በቀር ብርዱ ብቻውን አንዱንም ጉንፋን አላስያዘውም። ብርድ የአፍንጫን የመከላከል አቅም ሊያዳክም ይችላል የሚሉ የኋላ ጥናቶች አሉ፤ ያለ ቫይረስ ግን ጉንፋን የለም። ዋናው የጉንፋን ቫይረስ፣ ራይኖቫይረስ፣ የተገኘው በ1950ዎቹ ሲሆን ዛሬ ከ160 በላይ ዓይነት እንዳለው ይታወቃል። ክትባት ያልተገኘለትም ስለዚህ ነው። በ1965 ደግሞ በዚያው ጣቢያ ዴቪድ ቲረልና ማልኮም ባይኖ ከአንድ ጉንፋን ከያዘው ተማሪ ሌላ ዓይነት ቫይረስ አገኙ። ኋላ ኮሮና ቫይረስ የሚል የወል ስም የተሰጠው ወገን አባል ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ የዚህን ስም ትርጉም ተማረ። በመጋቢት ወር የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ዣይር ቦልሶናሮ ለሕዝባቸው ባደረጉት ንግግር በበሽታው ቢያዙ ለእሳቸው ከትንሽ ግሪፕ እንደማያልፍ ተናገሩ። የተጠቀሙበት የፖርቱጋልኛ ቃል ኢንፍሉዌንዛን የሚያሳንስ ቃል ነው፤ ወደ አማርኛ ስንመልሰው ግን «ትንሽዬ ጉንፋን» ይሆንብናል። አባባሉ በአማርኛ ከመነሻውም ይልቅ ቀልሎ ይገኛል ማለት ነው፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ የተለየ ቃል የለም። ብራዚል ከ700 ሺህ በላይ ዜጎቿን ቀበረች።

እኛስ? ስም መቀየር እኛም አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ኮሌራ የሚለው ቃል ከመንግሥት መግለጫዎች ጠፍቶ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት»፣ ባጭሩ «አተት»፣ የሚል ስም ተተክቶለት እንደነበር የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ያስታውሳል። አተት የምልክቶቹ ስም ነው፤ ኮሌራ የበሽታው ስም ነው። የመጀመሪያው አገርን ከገበያና ከቱሪስት ሐሜት ያድናል፤ ሁለተኛው ሕዝብን ያስጠነቅቃል። በ1911 ዓ.ም. ግን ሕዝቡ ራሱ ስሙን አወጣ፤ ማንም መግለጫ ሰጪ አልነበረም።

ከዓመታት በፊት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼ «ኅዳር ሲታጠን» ከየት መጣ ብዬ ጠየቅሁ። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ እንደሚቃጠል፣ ከተማዋ በጢስ እንደምትሸፈን ሁሉም ያውቃሉ። በሕዝቡ ዘንድ ልማዱ ከዚያ መቅሠፍት ጋር ተያይዞ ሲነገር ኖሯል። ከስድሳ ተማሪዎች መካከል መልሱን የሰጡኝ አራት ነበሩ። አንደኛዋ ተማሪ ግን፣ «መምህር፣ የኅዳር በሽታ ምን ነበር?» ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። «ኢንፍሉዌንዛ» ስላት፣ «እ፣ ጉንፋን ነዋ!» አለችና ክፍሉ ሣቀ። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ ያስተማርናትን ቋንቋ ነው የመለሰችልን።

ይህ ሣቅ የሚያስከትለው ጉዳት በሁለት በኩል ነው። በአንድ በኩል ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው «ጉንፋን ነው» ብሎ ቢሮ ይገባል፣ ታክሲ ውስጥ ያስላል፣ የታመመ አዛውንት ይጠይቃል፤ መተንፈስ ሲያቅተውም ዝንጅብል አፍልቶ፣ በባሕር ዛፍ ታጥኖ ሊያልፈው ይሞክራል። (ዝንጅብሉን አልነቅፍም፤ እኔም እጠጣለሁ፤ የሳንባ ምችን ግን አያድንም።) በሌላ በኩል ተራ ጉንፋን የያዘው ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ይውጣል። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም፤ በከንቱ በተወሰደ ቁጥርም መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። ከሁለቱም በላይ ደግሞ፣ ሐኪምም ቢሆን በምልክት ብቻ ሁልጊዜ እርግጠኛ መሆን አይችልም። ቀላል ኢንፍሉዌንዛ ጉንፋን ይመስላል፤ ከባድ ጉንፋንም ኢንፍሉዌንዛ ይመስላል፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኮቪድ ሁለቱንም ይመስላል። የመጨረሻው ቃል የላቦራቶሪ ነው፤ ላቦራቶሪ ደግሞ የበጀት ጉዳይ ነው፤ በጀትም የሚገኘው በቂ ስም ላለው በሽታ ነው።

የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ መሆኑንስ በምን አወቅን? ለዚህ መልስ የሰጠችው አላስካ ናት። ብሬቪግ ሚሽን በተባለች ትንሽ መንደር በ1918 ኅዳር ላይ ከ80 አዋቂ ነዋሪዎች 72ቱ በአምስት ቀን ውስጥ ሞተው በማይቀልጥ በረዶማ አፈር ውስጥ በአንድነት ተቀብረው ነበር። ዮሃን ሁልቲን የተባለ ተመራማሪ በ1951 መቃብሩን በፈቃድ ቆፍሮ ቫይረሱን በሕይወት ለማግኘት ሞክሮ አልተሳካለትም። በ1997፣ በ72 ዓመቱ፣ ተመልሶ ሄደና ከአንዲት ሴት ሳንባ ናሙና አመጣ። ጄፍሪ ታውበንበርገርና ባልደረቦቹ ይህንና በአሜሪካ ጦር የበሽታ ምርመራ ተቋም ተቀምጠው የቆዩ የወታደሮች ናሙናዎችን ይዘው እ.ኤ.አ. በ2005 የቫይረሱን ሙሉ የዘር መልእክት አንብበው ጨረሱ፤ ኤች1ኤን1 የተባለው ዓይነት ነው።

ያ ቫይረስ ከዚያ በኋላ አልጠፋም። ልጆቹ ኀይላቸው በርዶ እስከ 1957 ድረስ በየዓመቱ የሚመላለስ ተራ ኢንፍሉዌንዛ ሆነው ኖሩ፤ ለሃያ ዓመት ጠፍተው በ1977 እንደገና ብቅ አሉ፤ በ2009 ዓለምን ያዳረሰው ወረርሽኝም ከዚያው ከ1918ቱ የዘር ሐረግ የወረሳቸው ክፍሎች ነበሩት። የዚህኛው ዘር ዛሬም በየወቅቱ ይዞራል። በየዓመቱ በዚህ ዘር ተይዞ አልጋ ላይ የሚውል፣ ለመሥሪያ ቤቱ ደውሎ «ጉንፋን ጣለኝ» የሚል ሰው አለ።